ግራ እግር የማትጠይቅ መኪና

መኪናችን ወደ ኋላ ስትንሸራተት አባቴ የሚያየው መንገዱን አልነበረም። እግሩን ነበር።

ጥር 1954 ነው። ከወገዳ ተነስተን ወደ እስቴ እየተመለስን ነው። የጥርጊያው አቧራ እንደ ዱቄት ይቦናል። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከፊት፣ ከአባቴ በስተግራ ተቀምጫለሁ። በዚያ ዘመን መሪ በቀኝ በኩል ስለነበር የማርሹ ዘንግ በእኔና በእሱ መካከል ነው የሚቆም፤ ሲቀይር እንዳላሰናክለው ጉልበቴን ሰብሰብ አደርግለታለሁ። ከኋላ ሰባት ሰውና አራት ከረጢት ሽምብራ ጭነናል።

ከዳገቱ ወገብ ስንደርስ ሞተሩ አጉረመረመ። አባቴ ማርሽ ሊቀንስ ፍሪሲዮን ረገጠ። ረገጠ ስል፣ የረገጠ መሰለው ማለቴ ነው። ጫማው የፍሪሲዮኑን ጠርዝ ነክቶ ወደ ጎን ሾለከ። ማርሹ ጥርሱን አፋጨ፣ ሞተሩ ተንፈራገጠና ጠፋ። ላንድሮቨሯ የምታስብ ይመስል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች።

«ኧረ በኢየሱስ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

አባቴ በቀኝ እግሩ ፍሬኑን፣ በእጁ የእጅ ፍሬኑን አንድ ላይ ያዘ። የኋላው ጎማ ድንጋይ አገኘና ቆምን። በእኔ በኩል ባለው መስኮት ወደ ታች ሳይ መሬት የለም። ከገደሉ ስር የሚግጡት ከብቶች የጉንዳን ያህል ነበሩ።

ከቆምን በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ይግዛው የሚባል እህል ነጋዴ ነው። «አያሌው፣ እኔኮ የተሳፈርኩት እስቴ ልገባ እንጂ ከሞቱት አያቶቼ ልቀላቀል አይደለም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከድንጋጤ የወጣ ሳቅ። አባቴም ሳቀ። «ማርሹ ነው። አርጅቷል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች በእጁ ያዘና፣ ሰው ዕቃ አንስቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠው።

ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ያየሁት ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አባቴ ደክሞታል ብዬ አሰብኩ። ያደከመችውም እናቴ ናት ብዬ።

ዛሬ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ይህ ነው። የአባቴ ግራ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች ሞቶ ነበር። በቤታችን ስሙ የማይጠራው በሽታ፣ የሥጋ ደዌ፣ ገብቶበታል። በእኛ አገር ያ ስም አንድ ቤት ላይ ካረፈ ቤቱ አለቀለት። መኪናው ላይ የሚሳፈር አይኖርም፣ ማኅበር የሚያስገባው አይኖርም፣ ሴት ልጅም ካለች «ከዘር ነው» ብለው ሳያዩዋት ያልፏታል። አባቴና እናቴ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነበር፤ ሰው ሳያውቅባቸው ከእስቴ መውጣት፣ እስኪወጡ ድረስም በዚያች መኪና ሰው አለመፍጀት።

ለእኔ ይህን የነገረኝ የለም። ያልነገሩኝን ደግሞ ራሴ አሟልቼ የማወቅ ልማድ ነበረኝ። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ማንም ሳያስቆጥረኝ ነው፤ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ወንዶቹን ሲያስተምሩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ። «ሀ» ያልኩት ሀ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ ያሰብኩት ሁሉ ልክ ይመስለኝ ነበር።

የእናቴን ጥፋት በዓይኔ አይቻለሁ ባይ ነበርኩ። ከኅዳር ጀምሮ አባቴ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። የራሱ ጣባ፣ የራሱ ዋንጫ ተለይቶለታል፤ ጣባው ከበሩ ጀርባ ለብቻው ይቀመጣል። የሚተኛውም እኛ ዘንድ ሳይሆን ከጓሮ፣ ጭድ በምናስቀምጥባት ጎጆ ነው። ዱሮ ከመንገድ ሲገባ ብብቴን ይዞ ወደ ላይ የሚወረውረኝ ሰው፣ አሁን ስሮጥለት ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። አንድ ቀን ያጎርሰኛል ብዬ አፌን ከፍቼ ከፊቱ ቆምኩ። ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ትንሽ አየኝና ለራሱ ጎረሰው። እናቴ አስካለ ከምሰሶው ጋ ቆማ ታይ ነበር፤ ፊቷን አዞረች።

በቃ፣ እሷ ናት አልኩ። ባሏን ጠልታ ከገዛ ቤቱ እንግዳ አደረገችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎተራው ጥግ ተቀምጬ ከሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ስገጣጥም ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ደምሌ ዛሬም ሰው ልኳል» አለች እናቴ። ደምሌ የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ መኪና የሚለዋውጥ፣ ጢሙን በጣቱ እየጠመዘዘ የሚያወራ። «ላንድሮቨሯን ስጡኝና ያቺን ውሰዱ ነው የሚል።»

«ያቺ መኪና ናት?»

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«ማርሽ አልቀይር፣ ፍሪሲዮን አልረግጥ፣ እንደ ሙሽራ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ማርሹን ራሷ ስትፈልግ ትቀይረዋለች አሉ። ስትፈልግ! ሾፌሩ ማን ሊሆን ነው ታዲያ፣ እኔ ነኝ እሷ?»

«አውቶማቲክ ነው የሚሏት። ግራ እግር አትጠይቅም። እኔም የምፈልጋት ለዚሁ ነው።»

«ሆዷ መሬት ይልሳል። የስማዳን ድንጋይ አንድ ቀን አትችለውም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝልኝ ስፈልግ ማን ይይዝልኛል? ይቺን ብትዪኝ ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ስታጉረመርም የምትለው ይገባኛል።»

«ስማዳ ሂድ ያለህ ማን ነው? እኔ ያልኩህ ጎንደር ነው። አስፋልት። ማንም የማያውቀን ቦታ። ሐኪሙም እዚያው…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ጆሮዬን ከግድግዳው አጣበቅሁ። «አያሌው፣ ይግዛው የዳገቱን ነገር አገር ለአገር እያዳረሰው ነው። ሰባት ነፍስ ነበር ከኋላህ። ይቺ ልጅ ከጎንህ ነበረች።»

«ሰው ምን ይላል? አያሌው የሴት መኪና ያዘ ይላል።»

«ይበላ! ሌላውን ከሚል ይህን ይበል።»

ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። እናቴ አባቴን መንዳት አትችልም አለችው። ታፍርበታለች፣ አፍራበትም ማንም ወደማያውቀን አገር ልትደብቀው ነው። ደምሌ ደግሞ ጢሙን የሚጠመዝዘው ለእሷ ነው። እኔ ደግሞ ላንድሮቨሯን እወዳታለሁ። አትሄድም አልኩ በልቤ።

የካቲት ሲገባ አባቴ ከግቢያችን የተቀደደ የጎማ ላስቲክ ይለጥፍ ነበር። ከሰል አቀጣጥሎ ብረት ያግላል፤ የጋለውን ብረት ልጣፊው ላይ ይጫናል። ከወንዝ ታጥቦ መምጣቱ ስለነበር ባዶ እግሩን ነው። እናቴ የለችም። እኔ ከእሱ ራቅ ብዬ፣ እሱ ተቀመጪ ካለኝ ድንጋይ ላይ፣ ጥያቄ እደረድራለሁ።

«አባባ፣ ፍሪሲዮን ሥራው ምንድን ነው?»

ደስ አለው። ስለ መኪና ስጠይቀው ደስ ይለው ነበር። «ሞተሩንና ጎማውን ያላቅቃቸዋል። ሳታላቅቂ ማርሽ ብትቀይሪ ይጣላሉ። ሰው ሁሉ ማላቀቁን ያውቅበታል፤ ሙያው ቀስ አድርጎ መልሶ ማገናኘቱ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ጆሮ አይነግርሽም፣ ዓይን አይነግርሽም። እግር ነው የሚያውቀው።»

አንድ ፍም ፈንጥቆ ከመሬት ወደቀ። አባቴ ብረቱን ሊያነሳ ራመድ አለና በግራ እግሩ ቆመበት። ወሬውንም አላቋረጠም። ስለ አስመራ መንገድ፣ ስላስተማረው ጣሊያን፣ እሱ ማርሽ ባፋጨ ቁጥር ጣሊያኑ ጆሮውን እንዴት ይቆነጥጠው እንደነበር ያጫውተኛል። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ቁርበት እሳት ላይ ሲወድቅ ያለ ሽታ። ከዚያ ከተረከዙ ስር ቀጭን ጭስ ወጣ።

«አባባ፣ እግርህ!»

ወደ ታች አየ። ዘሎ አልተነሳም፤ አልጮኸም። እግሩን ቀስ አድርጎ አነሳ። ፍሙ አብሮ ተነሳ። በፒንሳ ያዘና ነቀለው። ያኔ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔ የከሰሉ አመድ የቦነነበት መስሎኝ ነበር።

«አላመመህም?»

«አላመመኝም።»

«ለምን?»

እግሩን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አየው። «የሾፌር እግር ነዋ» አለ። ድምፁ ግን ሌላ ነበር። «ይታይሽ፣ ስሚኝ። ይህን ለማንም አትናገሪም። ለእናትሽም። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ቆመው ተስለዋል፤ ከእቶኑ መካከል ሆነው ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው ሰው ያያሉ፤ ነበልባሉ ልብሳቸውን እንኳ አይነካም። ያን ዕለት አባቴን ከእነሱ ቆጠርኩት። ለቅዱሳን እንጂ ለሌላ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይሰጥ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ወር ሙሉ ይህን ምስጢር በአፌ ይዤ ስዞር፣ ከረሜላ የያዝኩ ያህል ይጣፍጠኝ ነበር። የእኔን አገር ትልልቆች ለሚያውቅ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልግም። ፍም ረግጦ ያላመመው ሰው ምን እንደያዘው ማንኛዋም አሮጊት ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች።

መጋቢት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ደምሌ አውቶማቲኳን ይዞ መጣ።

ረጅም ናት፤ የተልባ አበባ የመሰለ ቀለም አላት፤ ከደብረ ታቦር እስከ እስቴ ስትመጣ ሆዷ ስንት ቦታ እንደተጫረ እግዜር ይወቀው። ገበያተኛው ከብቱንም እህሉንም ትቶ ከበባት። እናቴ ቤት ቀርታ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ አባቴ ሞክሯት ከተስማማች ያንኑ ቀን ተለዋውጠው በማግስቱ ልንሄድ ነው። መሪጌታ ወልደ ገብርኤልም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል።

«ይግቡ ጋሼ አያሌው» አለ ደምሌ በሩን ከፍቶ። «በቀኝ እግርዎ ብቻ። ግራውን ያሳርፉት።»

አባቴ ገባ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራታ ሄደች፤ እስከ ዋርካው ደርሳ፣ ዞራ፣ ተመለሰች። አንድም ጊዜ አላፋጨችም፣ አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም። አባቴ ሲወርድ ፊቱ ላይ ከመስቀል ወዲህ ያላየሁት ነገር ነበር። ዛሬ ሳስበው እፎይታ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያዝዘው የኖረ አካሉ ከከዳው በኋላ፣ ያለ እሱም እንደሚሆንለት ማወቁ። ያኔ ግን ለይምሰል የሚስቅ መሰለኝ፤ አሳዘነኝ፤ ተናደድኩ።

ይግዛው ጀመረ። «አያሌው፣ ግራ እግርህን ቤት ትተኸው መጣህ እንዴ?»

ሰው ተንከተከተ።

«ባለቤትህ ናት አሉ የመረጠችልህ! ይቺ እኮ የምትሆነው ወይዛዝርት ቅዳሴ ለማድረስ ነው!»

«አንተንም አደርስሃለሁ፤ ነጠላ ልበስና ና» አለ አባቴ። ሳቁ ወደ ይግዛው ዞረ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይበቃን ነበር።

ይግዛው ግን ሲሳቅበት አይወድም። «እኔስ እግሩ ሳይንቀጠቀጥ ዳገት ከሚወጣ ጋር ነው የምሄድ። ያየነውን አይተናል። ፈራህ፣ አያሌው። ፍርሃት ገባህ፤ ምን ይደረግ።»

ደምሌ የላንድሮቨራችንን በር እንደ ገዛ ንብረቱ እያሻሸ ፈገግ አለ። አባቴ የአውቶማቲኳን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። ለምን መልስ አይሰጥም? ከላንድሮቨሯ መከላከያ ላይ ወጣሁ፤ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ሆንኩ።

«አባቴ አይፈራም!» አልኩ። «አባቴ በባዶ እግሩ ፍም ረግጦ አላመመውም! በዚህ በግራው! ቆዳው እየጤሰ እኔን ያጫውተኝ ነበር። ማርያምን!»

ገበያው ጸጥ አለ። ከዳር የታሰረ አህያ ብቻ ያናፋል። አድናቆት መሰለኝ። የልቤን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም።

ከፊት የነበረች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። የደምሌ እጅ ከበራችን ላይ ተነሳ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርገው ያላወቀ ይመስል አየር ላይ ቀረ። አባቴ እኔን ነበር የሚያየው። አልተቆጣም። በዳገቱ ላይ እግሩን ያይ እንደነበረው ነው ያየኝ።

መሪጌታ ፈጠን ብለው መካከል ገቡ። «ልጅ ናት እኮ! ልጅ ያየውንና ያለመውን አይለይም።» ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ ድምፃቸው እንዲያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም። «ይታይሽ፣ ልጄ፣ ሕልም ነው ያየሽ። አይደለም? አዎ በይ።»

አንድ ቃል ነበር። ያችን አንዲት «አዎ» ብላት ኖሮ ሰው ይስቅ ነበር፣ ይበተን ነበር፣ እኛም በማግስቱ በሰላም እንሄድ ነበር። አባቴ እንደ ጸሎት አፉን ትንሽ ከፈተ። እኔ ግን የሰማሁት መሪጌታ ውሸታም ሲሉኝ ነው፤ ከአጥር ውጭ ያቆሙኝ መሪጌታ።

«አላለምኩም» አልኩ። «በዓይኔ ነው ያየሁት። አሁንም ቁስሉ አለ።»

«ጫማህን አውልቅ» አለ ይግዛው። ቀልዱ ሁሉ ከድምፁ ጠፍቷል።

«ማንም ማንንም አያስወልቅም!» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ። «ከመቼ ወዲህ ነው በገበያ መካከል የሰው ገላ የሚመረመረው?»

«ይተውት፣ መሪጌታ» አለ አባቴ።

ከላንድሮቨሯ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ማሰሪያውን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ የተጠቀለለውን ጨርቅ ዙር በዙር ፈታው። ወር ያለፈው ቁስል እንደ ትናንት ነበር። ትንሿ ጣቱ ታጥፋለች። እግሩን ሁሉም እንዲያየው ትንሽ ዘረጋና ያዘው። ማንም ሳያዝዘው ነው ያን ያህል ያቆየው፤ ኩራት ከእሱ ነው የወረስኩት።

«ከጎንህ ተቀምጬ!» አለ ይግዛው። ሁለት እጁን ከሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ከአንድ ብርጭቆ ጠጥተን! ልጆች አሉኝ እኮ፣ አያሌው! ልጆች አሉኝ!»

አባቴ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ሳይቸኩል አሰረ። ተነስቶ የአውቶማቲኳን ቁልፍ ለደምሌ ዘረጋ።

ደምሌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ከመሬት ያስቀምጡልኝ፣ ጋሼ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አስቀመጠው። ደምሌ በጋቢው ጫፍ አነሳው። «ላንድሮቨሯም… ትቅር» አለ፤ «እንዲያው ትቅር።» ወደ መኪናዋ ሲገባ አባቴ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ጋቢውን አንጥፎ ነው የተቀመጠው።

አንድ ሰው ከኋላ «ጀምበር ሳትጠልቅ አገሩን ይልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳጠፋሁ የገባኝ። ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። እናቴ ለማግስት ያዘጋጀችውን ዕቃ ወደ ደጅ እያወጣች ነው። ትገርፈኛለች ብዬ ከምሰሶው ጋ ቆምኩ። በአጠገቤ እየተመላለሰች አልነካችኝም። ከዓመታት በኋላ ለምን እንደተወችኝ ስጠይቃት፣ «አባትሽ ከለከለኝ» አለች። «‹ሰው ፊት እኔን ስታሞግስ ነው ያጠፋችው፤ በምን አንደበት እንቆጣታለን?› አለኝ።»

ያን ጊዜ ሌላውንም ነገረችኝ። ጣባውን የለየ እሱ ነው። ወደ ጭድ ቤቷ የወጣም እሱ ነው፤ እኔን ሊያድን። እሷ እሺ አላለችውም። እኔ ከቤት ስወጣ ጠብቃ ከእሱ ጣባ የተረፈውን ትበላ ነበር። «ልጂቱን ለይ፣ እኔን ግን ልትለየኝ አትችልም» ብላው። ጎጆዬን አፈረሰች ስል የኖርኩት፣ ጎጆው እንዳይፈርስ ምሰሶ ሆና የቆመችውን ሴት ነው። አባቴ ጎንደር ላይ መድኃኒቱን ጀመረ፤ እግሩ ባይመለስም በሽታው እዚያው ቆመ። በዓመቱ አንዲት ያረጀች አውቶማቲክ አገኘና አስፋልት ላይ ሰባት ዓመት ነዳት። «አሁንም መኪና አትባልም» ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ከእኔ ቀድሞ የሚያለብሳት እሱ ነው። እኔን ደግሞ ያስተማረኝ በማርሽ ነው። ሴት ልጅ መንዳቷ የሚያስቃቸውን ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቄ አሳልፋቸዋለሁ።

ያን ዕለት ግን ጎንደር ሩቅ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃው ተጫነ። አባቴ መሪውን ያዘ፤ እኔ ከመካከል፣ እናቴ ከዳር። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ያህል ርቆ ቆሟል። የሁለት ልጆች እጅ ውስጥ ድንጋይ አይቻለሁ። ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር መውጫው የሚጀምረው በዳገት ነው።

ሞተሩ ተነሳ። አባቴ እግሩን በእጁ አንስቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠ፤ ማርሽ ሲያስገባ እግሩ ሾለከ። አፋጨ፣ ጠፋ። እንደገና አስነሳ። እንደገና ጠፋ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማንም አብሮት አልሳቀም።

አባቴ እጁን ከመሪው አወረደ። «አስካለ፣ አልወጣውም» አለ። «ከዳገቱ ወገብ ላይ ሁላችሁንም እፈጃችኋለሁ። በእግር እንሂድ።»

«እግር እንደሆነ እኔ አለኝ» አለች እናቴ።

እኔን አንስታ ወደ ዳር አዞረችኝ። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከመካከል ገባች። ሰው ሁሉ እያየ ቀኝ እግሯን ከማርሹ ዘንግ ወዲያ አሻገረች፤ ከእሱ ግራ እግር አጠገብ ባዶ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈች። የእሱን እግር በእጇ አንስታ ወደ ጎን አደረገችለት።

«ስልሽ ትረግጫለሽ» አላት አባቴ። «ስልሽ ደግሞ ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ።»

«ቀስ ማለት እስከ ምን?»

«የተኛ ሕፃን እንደምታስቀምጪ።»

«ርገጪ» አላት። ረገጠች። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። «ልቀቂ።» ቶሎ ለቀቀች፤ መኪናዋ ዘላ ጠፋች። ራሴ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ። አንዱ ልጅ የወረወረው ድንጋይ የመኪናችንን ኋላ መታ።

«እንደገና» አለች እናቴ። ቀና ብላ ከፊት እንጂ ወደ ሰዎቹ አላየችም።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከመንገዱ ዳር ወጡና መቋሚያቸውን በአግድም ዘርግተው ሰውን ወደ ኋላ ገፉት። እኛን ከእነሱ ይሁን እነሱን ከእኛ፣ ዛሬም አላውቅም። መንገዱ ግን ተከፈተ።

«ርገጪ… ልቀቂ… ቀስ… ቀስ…»

ሄድን። ዳገቱን ጀመርነው። ሞተሩ ሲያጉረመርም አባቴ «አሁን!» ይላል፣ እናቴ ትረግጣለች፤ እሱ ማርሹን ይጥላል፣ እሷ ትለቃለች። ሁለት ሰው ሆነው አንድ ሾፌር ወጣቸው። ከኋላችን እስቴ እያነሰች ሄደች፤ ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ ገደል በእኔ በኩል አፉን ሲከፍት፣ እናቴ ማርሹን የያዘውን የአባቴን እጅ ያዘች። ማርሹ ከገባ በኋላም አለቀቀችውም፤ ጣቶቿን በጣቶቹ መካከል አስገብታ አጥብቃ ያዘችው። ከኅዳር ወዲህ ሰው እጁን ሲይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር።

ገደሉን የፈራች መሰለኝ።